ከቀለጠ መዳብ ኦክስጅን ማውጣት፦ ለምን፣ በምን፣ እስከምን ድረስ?

ናስ ማቅለጥ የለመደ ሰው ንጹሕ መዳብ ሲሞክር ግራ ይጋባል። ናሱ ለዓመታት ታዝዞለታል። የቧንቧ ዕቃው፣ የበር እጀታው፣ ጌጡ ሁሉ እንዳሰበው ወጥቶለታል። መዳብ ደግሞ ዚንክ የለበትም፣ ያ የሚያስለው ነጭ ጭስም የለም። ስለዚህ ይቀለኛል ብሎ ይጀምራል። ያቀልጣል፣ ያፈሳል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ከፎርማው የሚወጣው ግን አናቱ ያበጠ ቁራጭ ነው። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ደግሞ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ደሴ ውስጥ በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ጋሼ ይህንኑ ነገር አምጥተው አሳዩኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወርክሾፕ ለብየዳ ማሽን የሚሆን ወፍራም የመዳብ ማያያዣ አዝዟቸው ነበር። "ልጄ፣ መዳቡ ንጹሕ የኬብል መዳብ ነው። እኔው ራሴ ነኝ የላጥኩት። ታዲያ ምን ነካው?" አሉኝ። በሴጌቶ ለሁለት ቆረጥነው። የታችኛው ክፍል ደህና ይመስላል። ወደ አናቱ ሲጠጋ ግን የተቆረጠው ፊት እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ቀዳዳዎቹ ክብ ክብ ናቸው፤ ግድግዳቸውም ለስላሳ ነው። አሸዋ የሞላባቸው ቢሆን ሻካራ በሆኑ ነበር። አንዱን ጫፍ በጉጠት ይዘን ስንሰብረው ደግሞ የተሰበረው ቦታ የጡብ ቀለም ነበረው። ደህና መዳብ ሲሰበር ሮዝ መልክ አለው፤ ሐር የመሰለ ክርም ያሳያል።

"ጋሼ፣ የእጅዎ ጥፋት አይደለም። መዳቡ ኦክስጅን ጠጥቷል" አልኳቸው። እዚህ የምጽፈው ለእርሳቸው ያብራራሁትን ነው፤ እዚያው ቆመን ያላነሳነውንም ጨምሬበታለሁ። ንጹሕ መዳብ ለማፍሰስ የሚሞክር ሰው እየበዛ ስለሆነ ነገሩ በግልጽ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ናስ ለምን እንዲህ አላደረጋቸውም? ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክስጅንን የመያዝ ኃይሉ ከመዳብ በጣም ይበልጣል። ወደ ቅላጩ የገባውን ኦክስጅን ቀድሞ ዚንኩ ይይዘውና ነጭ የዚንክ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ስለዚህ ናስ በሚፈስበት ሙቀት የዚንክ ተን ሳያቋርጥ ከቅላጩ ይወጣል፤ ሲወጣም ሌላውን ጋዝ ይዞ ይሄዳል። ናስ ቀላጩ ሳያውቀው የሚያጸዳለት ሠራተኛ ውስጡ ነበረው ማለት ነው። ንጹሕ መዳብ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለም።

መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው። ሲቀልጥ ኦክስጅንን በብዛት ያሟሟል። ሲረጋ ግን ያንን ኦክስጅን የሚይዝበት ቦታ የለውም። ጠጣር መዳብ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከ0.01% በታች ነው። የተረፈው ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ኩፕረስ ኦክሳይድ የሚባል ቀይ ነገር ይሆናል። ቅላጩ ከዳር ጀምሮ እየረጋ ሲሄድ ኦክስጅኑ ገና ወዳልረጋው ፈሳሽ ይገፋል። መጨረሻ ላይ የሚረጋው ፈሳሽ 0.39% ኦክስጅን ይዞ በ1,065 ዲግሪ ገደማ ይረጋል። የሚረጋውም በመዳቡ ቅንጣቶች፣ ማለትም ጠጣሩን በሚሠሩት ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ነው። ኦክሳይዱ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ መረብ ይሠራል።

የመዳቡ ንጽሕና ከዚህ አያድንም። በኤሌክትሮላይት የተጣራ፣ 99.99% የሆነ የመዳብ ሳህን ገዝታችሁ በክፍት ምድጃ ብታቀልጡት ያው ነው። አየሩ ከላይ ተቀምጧል፤ መዳቡ ይጠጣል። ጋሼ "ንጹሕ ነው" ያሉት እውነት ነበር። ኦክስጅኑ የገባው ምድጃው ላይ ነው።

ኦክስጅን ብቻውን ግን ያን ሁሉ ቀዳዳ አይሠራም። ሁለተኛ ተባባሪ አለው፤ ሃይድሮጅን። ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከእርጥበት ነው። እርጥብ ከሰል፣ ዝናብ የመታው ውዳቂ ሽቦ፣ ዘይት የነካው ቁራጭ፣ በደንብ ያልደረቀ የአሸዋ ፎርማ፣ የጋዝ ወይም የናፍጣ ነበልባል፣ ሁሉም ሃይድሮጅን ወደ ቅላጩ ያስገባሉ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ሲተኛ ከሰል በማዳበሪያ ታስሮ ቤት ውስጥ ቢቀመጥም እርጥበት ይስባል። በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። አይደለም።

መዳቡ ሲረጋ ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ይገናኙና ውሃ ይሆናሉ። በዚያ ሙቀት ውሃ ማለት እንፋሎት ነው። ቁጥሩን ስሠራው እኔንም ገርሞኛል። 1 ኪሎ መዳብ የሚይዘው ቦታ 112 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በመቅለጫው ሙቀት አካባቢ ያ 1 ኪሎ እስከ 5 ሚሊግራም ያህል ሃይድሮጅን ሊሸከም ይችላል። 5 ሚሊግራም ሃይድሮጅን ከ40 ሚሊግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ 45 ሚሊግራም ውሃ ይወጣዋል። ይህ አንድ ጠብታ ቢሆን ነው። ያች ጠብታ ግን በ1,085 ዲግሪ፣ በባህር ጠለል ግፊት፣ 280 ሚሊ ሊትር እንፋሎት ትሆናለች። ከመዳቡ ከራሱ መጠን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ እንፋሎቱ ከዚያም በላይ ይሰፋል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ብትሆንም 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ብዙም አታመልጥም። በእርግጥ ሁሉም ሃይድሮጅን አይወጣም፤ ከፊሉ ጠጣሩ ውስጥ ይቀራል። ግን አናቱን ለማሳበጥ ጥቂቱ ይበቃል።

ከዚህ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ሁለቱ ጋዞች ቅላጩ ውስጥ አብረው መብዛት አይችሉም። ኦክስጅን ሲበዛ ሃይድሮጅን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ሲያንስ ሃይድሮጅን በቀላሉ ይገባል። የጥንት መዳብ አጣሪዎች ይህን በቀመር ሳይሆን በዓይናቸው ያውቁ ነበር። ጥቂት ኦክስጅን ሆን ብለው ይተዉ ነበር። መዳብ ሲረጋ ይኮማተራል፣ አናቱም ይጎደጉዳል። የምትወጣዋ ጥቂት እንፋሎት ያንን መኮማተር ታካክሰውና አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይረጋል። ጠፍጣፋ አናት የልክ ምልክት ነበር። ዛሬም ትንሽ ናሙና አፍስሶ አናቱን ማየት ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚደረግ ፍተሻ ነው። ያበጠ ከሆነ ጋዝ አለበት። የጎደጎደ ከሆነ ጋዙ ወጥቷል፤ ማፍሰስ ይቻላል።

አሁን ወደ ጥንካሬው ልምጣ። በድንበሩ ላይ የተዘረጋው የኦክሳይድ መረብ ተሰባሪ ነው። መዳቡ ራሱ እንደልብ የሚሳብና የሚጠፈጠፍ ሆኖ ሳለ መረቡ አይሳብም። ስለዚህ ስንጥቁ መረቡን ይከተላል። ጋሼ ቁራጩን በመዶሻ ሲመቱት ጠርዙ የተሰነጠቀው ለዚህ ነው። ሽቦ ለመሳብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀጭን ሽቦ ውስጥ አንድ ትልቅ የኦክሳይድ ቅንጣት ካለ ሽቦው እዚያች ቦታ ላይ ይበጠሳል። ፋብሪካዎች ሲዳምጡትና ሲስቡት መረቡ ይሰባበርና ቅንጣቶቹ በመስመር ይበተናሉ፤ ያኔ ጉዳቱ ይቀንሳል። በአሸዋ ፎርማ ፈሶ እንዳለ ለአገልግሎት የሚውል ዕቃ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። መረቡ እንደተሠራ ይቀራል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ ሰው የሚያስበው ልክ አይደለም። "ኦክስጅን ካለበት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም" ይባላል። እንደዚያ አይደለም። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከ0.02 እስከ 0.04% ኦክስጅን የያዘ መዳብ ነው። ኢቲፒ የሚል ምልክት ያለው ማለት ይህ ነው። የቤታችሁ ግድግዳ ውስጥ ያለውም እርሱ ሊሆን ይችላል። የማስተላለፍ አቅሙ 100% ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ከመቶ በላይ ሲባል ግራ አይግባችሁ። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1913 በዘመኑ ለነበረው ጥሩ መዳብ የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ መዳብ ማጣራት ስለተሻሻለ መለኪያውን የሚያልፍ መዳብ ይመረታል።

ኦክስጅን ለምን አይጎዳውም? ኦክስጅን ጠጣሩ መዳብ ውስጥ ስለማይሟሟ ነው። ለብቻው ተለይቶ፣ ቅንጣት ሆኖ ይቀመጣል። 0.03% ኦክስጅን ያለበት 1 ኪሎ መዳብ ውስጥ ያለው ኦክሳይድ 2.7 ግራም ያህል ብቻ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ቅንጣቶቹን ዞረው ያልፋሉ። እንዲያውም ጥቂት ኦክስጅን ይጠቅማል። መዳብ ውስጥ የተሟሟ ብረት ኤሌክትሪክን በጣም ያደናቅፋል። ኦክስጅኑ ያንን ብረት ይይዝና ኦክሳይድ አድርጎ ከመንገዱ ያወጣዋል።

ታዲያ የጋሼ ቁራጭ ለብየዳ ማሽን ለምን አይሆንም? ቀዳዳው ነው ምክንያቱ። ኤሌክትሪክ በባዶ ቦታ አያልፍም። ሩቡ ቀዳዳ የሆነ ማያያዣ፣ ከሩብ በላይ መዳብ እንደጎደለው ቆጥራችሁ አስቡት። ማያያዣው ይግላል፣ ግለቱ መቋጠሪያውን ያላላል፣ የላላው ደግሞ ይበልጥ ይግላል።

ኦክስጅኑ በምን ይወጣል? ለዘመናት በእንጨት ነበር። እርጥብ፣ ገና የተቆረጠ ግንድ ወደ ቀለጠው መዳብ ይነከራል። ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ቅላጩን ያናውጠዋል፣ ያምሰዋል። በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦንና ሃይድሮጅን ኦክስጅኑን ይዞት ይወጣል። በትልልቅ ማጣሪያዎች በዚህ ዘዴ ኦክስጅኑን ከግማሽ በመቶ በላይ ከነበረበት ወደ 0.15% አካባቢ ያወርዱት ነበር። ዛሬ በግንዱ ፋንታ የተፈጥሮ ጋዝ የሚነፉ ብዙ ናቸው። በደሴ ዙሪያ ባህር ዛፍ ሞልቷል ብላችሁ ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። በቶን በሚቆጠር ቅላጭ የሚሠራ ነገር በትንሽ ማቅለጫ ውስጥ ሲገባ መዳቡን ወደ ሰው ይረጨዋል። በዚያ ላይ ከልኩ ካለፈ ኦክስጅኑ ያልቅና ሃይድሮጅን ይተካዋል፤ አናቱ እንደገና ያብጣል።

ከሰል ለትንሽ ወርክሾፕ የሚመች ነው። ካርቦን መዳብ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቅላጩ ላይ ተንሳፎ ከአየር ይጋርደዋል፤ ቀስ እያለም ኦክስጅን ይቀንሳል። "ቀስ እያለ" የሚለውን ልብ በሉ። ከላይ የተቀመጠ ከሰል ከታች ያለውን ኦክስጅን ለማግኘት ጊዜ ይወስድበታል። ከሰሉን ከመጨመር በፊት ፍም እስኪሆን ማጋል የግድ ነው። ያልጋለ ከሰል መዳብ ላይ መነስነስ ሃይድሮጅን መጨመር ነው፤ ባስ ካለም ፍንጣሪ ያስነሳል።

ዋናው መድኃኒት ፎስፈረስ ነው። ንጹሕ ፎስፈረስ አየር ላይ በቀላሉ የሚቀጣጠል አደገኛ ነገር ስለሆነ ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ብዙውን ጊዜ 15% ፎስፈረስ ያለበት የመዳብ ቅልቅል ነው፤ ፎስፎር ኮፐር ይባላል። ቅላጩ ውስጥ ሲገባ ፎስፈረሱ ኦክስጅኑን ከመዳቡ ይነጥቃል። ከፊሉ በተን ይወጣል፤ ከፊሉ ስላግ የሚባል ፈሳሽ ቆሻሻ ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋልና ይጠረጋል። ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። መዳቡም ይቀጥናል፤ ወደ ፎርማው ጥጋጥግ በደንብ ይገባል። ነሐስ ላይም ይሠራል። ነሐስ ውስጥ ያለው ቲን ኦክስጅን ሲያገኝ ጠንካራ ኦክሳይድ ሆኖ ዕቃውን ያበላሸዋልና ፎስፈረሱ ቀድሞ ይደርስለታል። መቅደላ ላይ ዛሬም የሚታየው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ ክብደቱ፣ በጋፋት ሲፈስ ይህ መድኃኒት ገና አልተስፋፋም ነበር። ያንን ያህል ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ ማፍሰስ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገባው ራሱ ያፈሰሰ ሰው ነው።

መድኃኒቱ ግን ሲበዛ መርዝ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፎስፈረስ እንደ ኦክስጅን ለብቻው ተለይቶ አይቀመጥም። መዳቡ ውስጥ ይሟሟል። ኤሌክትሮኖቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ በየቦታው ተሰግስጎ ይገኛል። 0.02% ፎስፈረስ የቀረበት መዳብ የማስተላለፍ አቅሙ ወደ 85% ይወርዳል። በተግባር ምን ማለት ነው? 100 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 10 አምፒር ቢያልፍበት በጥሩ መዳብ 69 ዋት በሙቀት ይባክናል። በዚህኛው 81 ዋት ይሆናል።

መጠኑን እንዲህ ነው የምሠራው። 20 ኪሎ መዳብ አለን እንበል። ኦክስጅኑ 0.02% ነው፤ ማለትም 4 ግራም። 4 ግራም ኦክስጅን ለመያዝ 3 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይበቃል። ቅልቅሉ 15% ስለሆነ ያ ማለት 20 ግራም ቅልቅል ነው። ማፍሰሱ ላይ ከአየር ተመልሶ የሚገባውን ኦክስጅን እንዲይዝ ትንሽ ትርፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጠቅላላው 35 ግራም አካባቢ። በሚዛን የሚለካ ነገር ነው፤ በዓይን አይሆንም። አንድ ሰው "ይብዛ እንጂ አይነስ" ብሎ 200 ግራም ቢጨምር 30 ግራም ፎስፈረስ አስገባ ማለት ነው። የሚቀረው ከ0.13% ይበልጣል። የመዳቡ የማስተላለፍ አቅም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዕቃው ግን ያምራል! አናቱ አላበጠ፣ ቀዳዳ የለው፣ ያብረቀርቃል። ማንም ጥፋቱን በዓይኑ አያየውም። ማሽኑ ላይ ሲገጠም ነው የሚግለው።

የመጀመሪያው ኦክስጅን ስንት እንደሆነ ላብራቶሪ በሌለበት በምን ይታወቃል? በናሙናው። በትንሽ በትንሹ ጨምሮ፣ አንድ ናሙና አፍስሶ፣ አናቱንና ስብራቱን ማየት ነው። አናቱ መጎድጎድ ሲጀምር ማቆም። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ደግሞ ነገሩን በግልጽ ያየዋል። የኦክሳይዱ ቅንጣቶች በተራ ብርሃን ግራጫ ሰማያዊ ናቸው፤ በፖላራይዝድ ብርሃን ደማቅ ቀይ ሆነው ያበራሉ። የብረታ ብረት ተማሪ ሆናችሁ ይህን በዓይናችሁ ካላያችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል።

ኤሌክትሪክ በደንብ ማስተላለፍ ላለበት ዕቃ የተሻለው መንገድ ሁለት መድኃኒት በተከታታይ መስጠት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ፎስፈረስ አብዛኛውን ኦክስጅን ያወጣል። መጨረሻ ላይ ሊቲየም የቀረውን ያነሳል። ሊቲየም ኦክስጅንንም ሃይድሮጅንንም ይይዛል፤ የመዳቡን የማስተላለፍ አቅምም ብዙ አይነካም። የሚመጣው በታሸገ የመዳብ ቀለህ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እርጥበት ካገኘው በኃይል ይነዳል። ካልሲየም ቦራይድ የሚጠቀሙም አሉ። እነዚህ እኛ ዘንድ እንደ ልብ አይገኙም። ፎስፈረሱ ብቻ ካለ ፎስፈረሱን በጥንቃቄ መለካት ነው ያለው አማራጭ።

ጋሼ ሲጨነቁ ያየሁት ስለ መድኃኒቱ ነበር። እኔ ግን ከመድኃኒቱ በፊት ያለው ሥራ ይበልጣል እላለሁ። ውዳቂው መዳብ እርጥበቱና ዘይቱ እስኪለቅ በምድጃው ዳር ይሙቅ። ማቅለጫው ቀድሞ ይጋል። ነበልባሉ ጭስ የሚያበዛ ሳይሆን አየር የጠገበ ይሁን። ይህ ለጀማሪ ግራ ይመስላል፤ ኦክስጅን ልናወጣ ነው ያልነው እኮ! ምክንያቱ ያ የሁለቱ ጋዞች ሚዛን ነው። ኦክስጅንን በመጨረሻ በፎስፈረስ ማውጣት ቀላል ነው። ሃይድሮጅንን ማውጣት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሃይድሮጅን እንዳይገባ በር መዝጋት ይሻላል። መዳቡ ቶሎ ይቅለጥ፤ ሳያስፈልግ ምድጃ ላይ አይቆይ። ፎስፎር ኮፐሩ በደረቀና በጋለ የግራፋይት ዘንግ ወደ ታች ይጠለቅ፤ ከላይ ቢጣል ስላጉ ላይ ተቃጥሎ ያልቃል። ከዚያ ስላጉን ጠርጎ ወዲያው ማፍሰስ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሳይሆን ከፎርማው አፍ ጠጋ ብሎ። ረጅም ፈሳሽ በአየር ላይ ሲወርድ የለቀቀውን ኦክስጅን መልሶ ይጠጣል። ጭሱን አትተንፍሱት። እርጥብ መሣሪያ ወደ ቀለጠ መዳብ አታስገቡ፤ ይፈነዳል።

ከማቅለጫው ውጭም ኦክስጅን ጉዳት የሚያደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ የጋዝ ብየዳ። ኦክስጅን ያለበት ደህና የሽቦ መዳብ፣ ሃይድሮጅን ባለበት ነበልባል ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል ሃይድሮጅኑ ጠጣሩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ኦክሳይዱን ያገኘዋል። እዚያው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ሃይድሮጅን በጠጣር መዳብ ውስጥ ማለፍ ይችላል፤ እንፋሎት ግን አይችልም። መውጫ ያጣው እንፋሎት ቅንጣቶቹን እየገፋ ይለያያቸዋል። ላዩ ደህና የሚመስል መዳብ ሲታጠፍ ይሰበራል። በያጁ "መዳቡ የማይረባ ነው" ይላል። መዳቡ ለኤሌክትሪክ ጥሩ ነበር፤ ለጋዝ ነበልባል ነው ያልሆነው። የፍሪጅና የቧንቧ መዳብ ሆን ተብሎ በፎስፈረስ የሚሠራው ለዚህ ነው። ዲኤችፒ የሚባለው ከ0.015 እስከ 0.04% ፎስፈረስ አለበት። ኤሌክትሪክ ስለማያልፍበት የማስተላለፍ አቅሙ ቢወርድም ማንም አይጎዳም፤ ብየዳውን ግን ይችላል።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው፣ ማለትም ሙሉ የማስተላለፍ አቅምም በነበልባል አለመሰንጠቅም የሚያስፈልገው፣ ከኦክስጅን ነጻ የሆነ መዳብ ይገዛል። ኦክስጅኑ ከሚሊዮን 10 እጅ አይበልጥም፤ ምርጡ ከ5 አይበልጥም። መድኃኒት አይጨመርበትም። ጥሩ የተጣራ መዳብ በከሰል ወይም በግራፋይት ሽፋን ሥር፣ አየር ሳያገኘው ይቀልጣል፣ ይረጋል። ከዘዴዎቹ አንዱን ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዳብረውታል፤ ዘንጉ በቀጥታ ከቅላጩ ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣል። ቫኪዩም ውስጥ የሚሠሩ መሣሪያዎችና የቅንጣት ማፋጠኛዎች ያለዚህ መዳብ አይሆኑም። ለቤት መብራት ሽቦ ግን "ከኦክስጅን ነጻ" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ትርፍ ብር እንዳትከፍሉ። የሽቦው ውፍረት ልክ መሆኑን ማየት ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተነደፈ ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ከሐዲዱ በላይ የሚዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍም፣ መወጠርም፣ መታሸትም አለበት። ለዚህ በዓለም ላይ መዳቡ ውስጥ ትንሽ ብር፣ ቲን ወይም ማግኒዚየም ይጨመራል። ማግኒዚየም የሚጨመር ከሆነ መዳቡ አስቀድሞ ከኦክስጅን መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ ማግኒዚየሙ ሽቦውን ከማጠንከሩ በፊት ኦክሳይድ ሆኖ ያልቃል።

ለትንሽ ወርክሾፕ ይህ ሁሉ ከማቅለጫው በፊት፣ ከማዳበሪያው ነው የሚጀምረው። ከቁራሌው የሚገዛው መዳብ ተደባልቆ ይመጣል። የሞተር ጥምጥም፣ የኬብል ሽቦ፣ የፍሪጅ ቱቦ፣ የራዲያተር ቁራጭ፣ ሁሉም ቀይ ነው፣ ሁሉም መዳብ ይባላል። የፍሪጅ ቱቦው ፎስፈረስ ይዞ ነው የሚመጣው። ሲቀልጥ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ይቀራል፤ ስንት እንደቀረ ግን አይታወቅም። በዚያ ላይ 35 ግራም ለክታችሁ ብትጨምሩ ስሌቱ ከመጀመሪያው ፈርሷል። የተበየደው ጫፍ ላይ ያለው እርሳስና ቲንም አብሮ ይገባል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆነው የተላጠ ኬብልና ቫርኒሹ የተቃጠለለት ጥምጥም ነው፤ እርሱም ብየዳ የነካው ጫፉ ተቆርጦ። ቱቦው ለብቻው ማዳበሪያ ይግባ። ቱቦውን ለናስና ለነሐስ ሥራ ተጠቀሙበት፤ ፎስፈረሱ እዚያ አይጎዳም።